እጅ ለእጅ ሳይገናኙ መጨባበጥ

ከአራዳ ወደ መርካቶ ከሚያሻግሩት መንገዶች አንዱ በሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ላይ ያልፋል። ስማቸውን ለድልድዩ ያወረሱት ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴ፣ በፈረስ ስማቸው አባ መላ፣ ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹን ሚኒስትሮች ሲሾሙ የጦር ሚኒስትር የሆኑ፣ በ1919 ዓ.ም. እስካረፉ ድረስም ቃላቸው በአገር ጉዳይ ላይ ከባድ ሚዛን የነበረው ሰው ናቸው። ዛሬ ድልድዩን የሚሻገረው ሕዝብ ግን ስለ ፊታውራሪው የሚያስብበት ፋታ የለውም፤ የሚጠነቀቀው ለትከሻውና ለኪሱ ነው። ከኋላ ተሸካሚው “ዞር በሉ! ዞር በሉ!” ይላል፤ ከፊት ሴትዮዋ ዘንቢሏን ታቅፋ ትጋፋለች፤ ከጎን ደላላው የሰው ክንድ ይዞ ዋጋ ይነግራል። በዚህ ሥፍራ ሰው ሳይነኩ ማለፍ አይቻልም።

እንግዲህ በሌላው ዓለም ሳይንቲስቶች ሰው ሰውን ከሩቅ እንዲነካ የሚያስችል መሣሪያ ለመሥራት ሌት ተቀን እንደሚደክሙ ለዚህ መንገደኛ ብንነግረው፣ ወንዝ ዳር ላለ ሰው ውኃ እንደ መሸጥ ቆጥሮት ቢስቅ አይፈረድበትም። እኔ ግን ሳቁን ጥቂት እናቆየው እላለሁ። የዓለም የጤና ድርጅት ያቋቋመው የማኅበራዊ ግንኙነት ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2025 ባወጣው ሪፖርት በዓለም ላይ ከ6 ሰዎች አንዱ በብቸኝነት እንደሚጠቃ፣ ከዚሁ ጋር የተያያዘው ሞትም በዓመት ከ871 ሺህ በላይ እንደሚገመት ገልጿል። እንግሊዝ በ2018፣ ጃፓን ደግሞ በ2021 ጉዳዩን የሚከታተል ሚኒስትር ሾመዋል። ብቸኝነት የፈረንጅ በሽታ ነው ለሚለውም ሪፖርቱ መልስ አለው፤ ብቸኝነት ይሰማናል የሚሉት በድሃ አገሮች 24 ከመቶ ያህል ሲሆኑ በሀብታሞቹ አገሮች ግን 11 ከመቶ ገደማ ናቸው። መጋፋትና አብሮ መሆን ለየቅል መሆናቸውን ልብ ይሏል።

ለመሆኑ ይህ መሣሪያ የሚባለው ምንድን ነው? ቨርቹዋል ሪያሊቲ ሲሉ የሚጠሩት፣ ዓይንን ሙሉ በሙሉ በሚሸፍን መነጽር አማካይነት ኮምፒዩተር የሠራውን ዓለም እንደ እውነተኛ ዓለም የሚያሳየው ጥበብ ነው። ታሪኩ ከምናስበው ይረዝማል። አሜሪካዊው የፊልም ሰው ሞርተን ሃይሊግ እ.ኤ.አ. በ1962 ሴንሶራማ ለተባለ ሣጥን የፈጠራ መብት አገኙ። ተመልካቹ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ የሞተር ብስክሌት ጉዞ ሲያይ ወንበሩ ይንቀጠቀጣል፣ ነፋስ ፊቱን ይመታዋል፣ የከተማው ሽታም ይደርሰዋል። ኢቫን ሰዘርላንድ የተባሉት ሊቅ በ1968 የሠሩት የራስ መነጽር ደግሞ እጅግ ከመክበዱ የተነሣ ከጣሪያ ላይ የተንጠለጠለ ነበር። ዓይንና ጆሮ በዚህ መንገድ ተሸነፉ። ያስቸገረው እጅ ነው።

በእጅ በኩል የመጀመሪያውን ከባድ ሥራ የጀመሩት በሰሜን ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ ፍሬድሪክ ብሩክስና ባልደረቦቻቸው ናቸው። ከ1967 ጀምሮ፣ ራዲዮአክቲቭ ቁሳቁስን ከርቀት ለመያዝ የተሠራ የብረት ክንድ ወስደው ከኮምፒዩተር ጋር አገናኙት፤ ቀስ በቀስም የኬሚስትሪ ሰዎች በዓይን የማይታዩት ሞለኪዩሎች ሲሳሳቡና ሲገፋፉ በመዳፋቸው እንዲሰማቸው አደረጉ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም፣ በኋላ የአሜሪካ ምክር ቤት አባል የሆነው ተማሪ ቶማስ ማሲ ከመምህሩ ከኬኔት ሳሊስበሪ ጋር ፋንተም የተባለውን መሣሪያ ሠራ። ጣት እንደ ልብስ ሰፊ ቆብ ያለ ነገር ውስጥ ይገባል፤ በሞተር የሚንቀሳቀሰው ክንድም ጣቱን መልሶ በመግፋት የሌለውን ግድግዳ ያለ ያስመስለዋል። በጥቅምት 2002 አንድ ሰው ለንደን፣ ሌላው ቦስተን ተቀምጠው፣ 5 ሺህ ኪሎ ሜትር የሚበልጥ ርቀት በመካከላቸው እያለ፣ በኮምፒዩተር የተሠራች አንዲት ሣጥን በሁለት በኩል ይዘው አብረው አነሡ። አንደኛው ሲገፋ ሌላኛው ተሰማው። የእጅ ግፊት በኢንተርኔት ውቅያኖስ ከተሻገረባቸው የመጀመሪያ ቀናት አንዱ ይህ ነው።

ዛሬ ያሉት ጓንቶች አሠራራቸው ይለያይ እንጂ ዓላማቸው አንድ ነው። አንዳንዶቹ በተንቀሳቃሽ ስልክ ውስጥ እንዳለው በሚንዘረዘር ትንሽ ሞተር ይሠራሉ፤ አንዳንዶቹ በአየር በሚነፉ ጥቃቅን ከረጢቶች ቆዳን ይጫናሉ፤ ሌሎቹ ጣትን በክር ወደ ኋላ ይስባሉ። ዓይን በሴኮንድ 25 ወይም 30 ሥዕል ቢያሳዩት ይታለላል፤ እጅ ግን ጠጣር ነገር ነካሁ ብሎ እንዲያምን መልእክቱ በሴኮንድ 1000 ጊዜ ያህል መታደስ አለበት። ከስሜት ሕዋሶቻችን ሁሉ ለመታለል አስቸጋሪው ቆዳ መሆኑ እኔን ደስ ይለኛል።

ይህ ሁሉ ድካም ግን ለምን? መነካት እንደ ምግብ የግድ ነውን? በዚህ ላይ በዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ የሥነ ልቦና ሊቅ የነበሩት ሃሪ ሃርሎው እ.ኤ.አ. በ1958 ያሳተሙት ጥናት ዝነኛ ነው። ከእናታቸው የተለዩ የዝንጀሮ ግልገሎችን ከሁለት ሰው ሠራሽ “እናቶች” ጋር አኖሯቸው። አንደኛዋ ከሽቦ ተሠርታ የወተት ጡጦ የያዘች ናት፤ ሁለተኛዋ ወተት የሌላት፣ ለስላሳ ጨርቅ የለበሰች። ግልገሎቹ ወተቱን ከሽቦዋ ጠጥተው ቀኑን ሙሉ የሚታቀፉት ጨርቋን ነበር። እስከዚህ ያለውን ብዙ ሰው ያውቀዋል። የማይነገረው ቀጣዩ ክፍል ነው፤ በጨርቅ እናት ብቻ ያደጉት ዝንጀሮዎች ካደጉ በኋላ ከመሰሎቻቸው ጋር መኖር አቃታቸው፤ የወለዱትም ልጆቻቸውን ገፉ። ጨርቋ አጽናናቻቸው እንጂ አላሳደገቻቸውም። ታቅፈዋታል፣ እሷ ግን አንድም ቀን መልሳ አላቀፈቻቸውም። አንባቢ ይህን ነገር ይያዝልኝ፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

አሁን ወደ ሰፈራችን ልመለስ። የእኛ ሰው ኑሮውን የሚያካሂደው በእጁ ነው። ሰላምታው መጨባበጥና ጉንጭ መሳሳም ነው፤ ለትልቅ ሰው ጉልበት ይስማል፤ ፍቅሩን በጉርሻ ይገልጣል፤ ሐዘንተኛን የሚያጽናናው አቅፎ በማልቀስ ነው። ንግዱም እንዲሁ ነው። በ2000 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የኢትዮጵያ ምርት ገበያ እንኳ፣ ከዘመናዊነቱ ጋር፣ ሻጭና ገዢ ዋጋ ሲስማሙ መዳፍ ለመዳፍ ተማትተው ውሉን እንዲያጸኑ ያደርግ ነበር፤ ኋላ ግብይቱ ወደ ኮምፒዩተር ሲዛወር መዳፉ ቀረ። ይህን ሁሉ ያዳበረ ሕዝብ ከመነካት ቢከለከል ምን ይሆናል? ታሪካችን ለዚህ ጥያቄ አንድ ብቻ ሳይሆን ሦስት ዓይነት መልስ አለው።

የመጀመሪያው መለየት በወረራ ዘመን የመጣው ነው። ከዚያ በፊት የአዲስ አበባ ትልቁ ገበያ በአራዳ፣ በጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ነበር። ፋሺስቶቹ በ1928 ዓ.ም. ከተማዋን ከያዙ በኋላ የነጩን መኖሪያ ከጥቁሩ ለመለየት ፕላን አወጡ፤ የአገሬው ሰው ገበያም ወደ ምዕራብ ተገፋ። ስሙንም “መርካቶ ኢንዲጄኖ” አሉት፤ የአገሬው ገበያ ማለት ነው። እኛ “ኢንዲጄኖ” የሚለውን ጥለን “መርካቶ” የሚለውን አስቀረን። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1937 የወጣው ሕጋቸውም ኢጣሊያዊ ከቅኝ ተገዢ ጋር እንደ ባልና ሚስት እንዳይኖር ከለከለ፤ ቅጣቱ እስከ 5 ዓመት እስራት ነበር። እንግዲህ ዛሬ ሰው ሳይነኩ የማይታለፍበት ይህ ገበያ የተቆረቆረው ሰው ሰውን እንዳይነካ ነው። ነገሩን የገለበጡት ነጋዴዎቹ ናቸው። ከጉራጌ፣ ከየመን፣ ከየአቅጣጫው የመጣው ሰው ተጎራብቶ፣ የራጉኤል ቤተ ክርስቲያንና የአንዋር መስጊድ ጎን ለጎን ሆነው፣ የመለያው ሥፍራ የመቀላቀያ ሥፍራ ሆነ። ይህን ያደረገ መሣሪያ የለም።

ሁለተኛው መለየት የመቅሠፍት ነው። በኅዳር 1911 ዓ.ም. ዓለምን ያዳረሰው ኢንፍሉዌንዛ አዲስ አበባ ደርሶ የኅዳር በሽታ ተባለ። አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪ ራሳቸው ታመው ተረፉ፤ በሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ግን አለቀ። ታማሚውን የሚያስታምም፣ ሬሳውን የሚያነሣ ሰው ጠፋ። በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ የምናጥነው የዚያ ዘመን መታሰቢያ ሆኖ ነው። ከመቶ ዓመት በኋላ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ በአገራችን ተገኘ፤ መጋቢት 30 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። የአዋጁ ማስፈጸሚያ ደንብ ከ4 ሰው በላይ መሰብሰብን ሲከለክል ለሰላምታ መጨባበጥንም አብሮ ከለከለ። ከድልድዩ ብዙም የማይርቀው አትክልት ተራ በዚያው ሰሞን ወደ ጃንሜዳ ተዛወረ። ሰው በክርንና በጫማው ጫፍ ሰላምታ ተለዋወጠ፤ ለቅሶ ደራሹ በስልክ አጽናና። መንግሥት መጨባበጥን በደንብ የከለከለበትን ያንን ጊዜ ያየ ትውልድ፣ መዳፍ ምን ያህል እንደሚከብድ የሚያስረዳው ሰው የሚያስፈልገው አይመስለኝም። ይሁንና የዚያ ጊዜ መለየት አንድ መልካም ነገር ነበረው፤ የማይጨባበጡት ሰዎች መጨባበጥ ይፈልጉ ነበር።

ሦስተኛው መለየት ከሁሉ ይከፋል። የሥጋ ደዌ ታማሚዎችን ይመለከታል። በከተማችን ደቡብ ምዕራብ ለነዚህ ሕሙማን የተቋቋመው ሆስፒታል በልዕልት ዘነበወርቅ ስም ተጠራ፤ በዚያው ሥፍራ እ.ኤ.አ. በ1965 ለመላው አፍሪካ የሥልጠና ማዕከል የሆነው አለርት ተመሠረተ። የሥጋ ደዌ ታማሚ መነካትን የሚያጣው ሁለት ጊዜ ነው። በሽታው ነርቩን ስለሚጎዳ እጁ ሙቀትና ሕመም መለየት ያቆማል፤ ወገኑ ደግሞ ፈርቶት እጁን አይጨብጠውም። መድኃኒት ተገኝቶለት ከዳነ በኋላ እንኳ፣ አብዛኛው ሰው በሽታውን የሚቋቋም ተፈጥሮ እንዳለው ሳይንስ ከመሰከረ በኋላ እንኳ፣ ሁለተኛው ጉዳት ቶሎ አልዳነም።

የንክኪ ቴክኖሎጂ ታሪክ ከዚህ በሽታ ጋር በአንድ ሥፍራ ይገናኛል። ሕንድ የተወለዱት እንግሊዛዊ የቀዶ ሕክምና ሊቅ ዶክተር ፖል ብራንድ፣ የሕሙማኑ ጣት የሚያልቀው ሥጋው በራሱ ስለሚበሰብስ ሳይሆን ሕመም ስለማይሰማቸው እንደሆነ ያስረዱ ሰው ናቸው፤ የማይሰማ እጅ የጋለ ድስት ሲይዝ አይለቅም። ዶክተሩ እ.ኤ.አ. ከ1966 ወዲህ በአሜሪካ በካርቪል ሆስፒታል ሲሠሩ ከመሐንዲሶች ጋር ሆነው ሰው ሠራሽ ሕመም ለመፍጠር ሞከሩ። ጓንቱ ላይ ግፊት የሚለካ ትንሽ መሣሪያ ተገጠመ፤ ግፊቱ ከመጠን ሲያልፍ በመጀመሪያ በድምፅ፣ ያ አልበቃ ሲል ስሜት ባልጠፋበት በብብት ላይ በኤሌክትሪክ ንዝረት ያስጠነቅቃል። ጓንቱ ሠራ። ታማሚዎቹ ግን ከበድ ያለ ሥራ ሲያጋጥማቸው ማብሪያ ማጥፊያውን አጥፍተው ሥራቸውን ቀጠሉ፤ እጃቸውም ቆሰለ። ሕመሙ የእነርሱ አልነበረማ! የራስ ያልሆነ ስሜት በማብሪያ ማጥፊያ ይዘጋል። ፕሮጀክቱም በዚህ አበቃ።

ታዲያ አዲሱ ጓንት ለማን ይጠቅማል? ለእኔ ግልጽ ሆኖ የሚታየኝ የሚጠቅመው ወገን አለ። ስልክ በምኒልክ ዘመን ሐረርንና አዲስ አበባን ካገናኘ ወዲህ የሩቅ ሰው ድምፅ ቀርቦልናል፤ በእጅ ስልክ ደግሞ መልኩ ቀረበ። ልጇ ቤሩት ወይም ሪያድ፣ ዋሽንግተን ወይም ቶሮንቶ ያለባት እናት የልጇን ፊት በመስታወቱ ላይ ስታይ ስልኩን ስትስም ያላየ የመርካቶ ሰው የለም። ያንን መስታወት መሳም አላዋቂነት አድርጎ የሚስቅ ካለ ነገሩ አልገባውም፤ እናቲቱ የመሣሪያውን ጉድለት ከመሐንዲሶቹ ቀድማ እየተናገረች ነው። ድምፅ መጣ፣ መልክ መጣ፣ ጉንጩ የታለ? ማለቷ ነው። ለእሷ የልጇን መዳፍ ግፊት የሚያደርስላት ጓንት ቢመጣ፣ ምንም ያህል ጎዶሎ ቢሆን፣ እሰየው እላለሁ። በወረርሽኝ ጊዜ ከመስኮት ማዶ ለሚሞት ሰውም እንዲሁ።

ይሁንና በዚህም ቢሆን ልንታለል አይገባም። በመስታወት ሽቦ ውስጥ ብርሃን የሚጓዘው በሴኮንድ 200 ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን 11 ሺህ 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሚርቅ፣ ሽቦው ቀጥ ብሎ ቢዘረጋ እንኳ ግፊት ሄዶ ምላሹ እስኪመለስ ከሴኮንድ አንድ ዐሥረኛ በላይ ይፈጃል። እጅ ደግሞ በሴኮንድ 1000 ጊዜ መልስ ይጠይቃል። ክፍተቱን የሚሞላው የኮምፒዩተር ግምት ነው፤ የልጅሽ እጅ አሁን እዚህ ይሆናል ብሎ ይገምትና እውነተኛው መልእክት ሲደርስ ያርመዋል። ስለዚህ እናቲቱ ከምትጨብጠው እጅ ከፊሉ የልጇ፣ ከፊሉ የማሽኑ ነው። ይህን አውቃ ብትጨብጠው አይከፋም፤ ደብዳቤም እኮ የሰው እጅ አልነበረም፣ የእጅ ጽሑፍ ነበር።

የሚያሠጋኝ ሌላው ዓይነት ነው፤ በወዲያ ጫፍ ማንም የሌለበት መነካት። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2020 የደቡብ ኮርያ ቴሌቪዥን ያስተላለፈው ዘጋቢ ፊልም በዓለም ተወራ። ልጇን በሞት ያጣች እናት መነጽርና ጓንት አድርጋ፣ በኮምፒዩተር የተሠራችውን የልጇን ምስል አነጋገረች፣ ልትነካትም እጇን ዘረጋች። ያችን እናት የሚወቅስ አንደበት የለኝም። ነገር ግን የሃርሎውን የጨርቅ እናት እዚህ ላይ አስታውሳለሁ። የሚያጽናና ነገር ሁሉ አያኖርም። የሰው እጅ ዋጋ ያለው ሙቀቱና ግፊቱ ብቻ ስለሆነ አይደለም፤ ያ ሰው ሊከለክለን ሲችል ስለሰጠን ነው። ሊነሣን የማይችል እጅ ሊሰጠንም አይችልም።

ይህን ይዤ ሦስቱን መለየቶች መልሼ ስመዝናቸው የማገኘው ይህ ነው። ርቀትና ወረርሽኝ የለዩት ሰው ከወዲያ የሚናፍቀው አለው፤ መሣሪያው ለእርሱ ድልድይ ሊሆነው ይችላል። በንቀትና በፍርሃት የተለየው ሰው ግን፣ እንደ ዘነበወርቁ ሕሙም፣ ወይም ዛሬ በኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ጎረቤቱ ስሙን የማያውቀው አዛውንት፣ የጎደለው ግፊት የሚያስተላልፍ ሽቦ አይደለም። በወዲያ ጫፍ ጓንቱን የሚያጠልቅ ሰው ነው የጎደለው። ለእርሱ ጓንት ገዝተን ከኮምፒዩተር ጋር ብናጨባብጠው ብቸኝነቱን አላስታገስንም፤ ድምፁን አጠፋነው እንጂ። ከዚያ በኋላ በሩን ላለማንኳኳት ጥሩ ምክንያት እናገኛለን።

ጓንቱ አንድ ቀን መርካቶ መድረሱ አይቀርም፤ ያልደረሰ ነገር የለምና። ያን ጊዜ ነጋዴው ዋጋውን፣ ልጁ ፍጥነቱን ይጠይቃል። እኔ ሻጩን የምጠይቀው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፤ ከወዲያ በኩል ያለው እጅ የማን ነው?